የተሰማውና የተደመደመው፦ የተጠቃሚ ጥናት መረጃ እንዴት ይደራጅ?

ቃለ መጠይቁ አልቆ ተጠያቂው ሲሸኝ ጥናቱ ያለቀ ይመስላል። ዋናው ሥራ ግን ገና ነው። የአንድ ባንክ የሞባይል መተግበሪያ የሚሠራ ቡድን 12 ደንበኞችን አንድ አንድ ሰዓት አነጋገረ እንበል። በእጁ የሚቀረው የ12 ሰዓት ድምፅ፣ በየደብተሩ የተጫረ ማስታወሻ፣ በቴሌግራም የተላላኩት ፎቶና የስክሪን ቅጂ፣ አንዱ አጥኚ ታክሲ ውስጥ ሆኖ ለሌላው የላከው የድምፅ መልእክት ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ለኃላፊዎች 20 ገጽ ስላይድ ይቀርባል። በሁለቱ መካከል ምን እንደተሠራ፣ የትኛው ንግግር የትኛውን ድምዳሜ እንደወለደ መንገዱን መልሶ ማሳየት የሚችል ቡድን ብዙ አይደለም። «ይህ ስድስተኛው ገጽ ላይ ያለው ከየት መጣ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ብዙዎቹ እንዲያ ብለዋል» ይሆናል።

መረጃ የሚደረደርበት መንገድ ከውስጡ ምን ሊገኝ እንደሚችል አስቀድሞ ይወስናል። ከሁሉም በላይ የሚወስነው ደግሞ ከተጠቃሚው አፍ የወጣውና አጥኚው የደመደመው ተለይተው መቀመጣቸው ነው። ሁለቱ አንዴ ከተቀላቀሉ የትኛውም ሶፍትዌር አይለያቸውም። ማስታወሻ ላይ «ደንበኞች ማስተላለፊያውን አያምኑትም» የሚል መስመር ቢገኝ፣ ያለው ማን ነው? ደንበኛዋ በአፏ «አላምነውም» ብላለች? ወይስ ገንዘብ ከላከች በኋላ ተቀባዩ ጋ ስትደውል አጥኚው አይቶ የገመተው ነው? ሁለቱ እኩል አይመዝኑም፣ የሚያስከትሉት መፍትሔም አንድ አይደለም። ደውላ ያረጋገጠችው ሴት መተግበሪያውን እያመነች ኔትወርኩን ጠርጥራ ሊሆን ይችላል። ወይም ጉዳዩ ከእምነት ጋር ጭራሽ አይገናኝም፤ ገንዘብ ለላኩለት ሰው ደውሎ «ደረሰህ ወይ?» ማለት በእኛ አገር ወግ ነው። «አያምኑትም» ተብሎ የተጻፈው መስመር ብቻ ከተረፈ፣ ከሦስቱ ትርጉሞች ሁለቱ ለዘለዓለም ጠፍተዋል።

ባለፉት አሥር ዓመታት ለዚህ ችግር ከቀረቡት መልሶች ብዙ የተነገረለት ከኒው ዮርክ የመጣው ነው። ከጉግል ወጥቶ የጋራ ቢሮ አከራዩ ዊወርክ ውስጥ የተጠቃሚ ተሞክሮ ሥራን የመራው ቶመር ሻሮን ችግሩ ያለው ሪፖርቱ ላይ ነው አለ። ሪፖርት የዕለቱን ጥያቄ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በዓመቱ ሌላ ቡድን ያንኑ ጥያቄ ከባዶ ተነሥቶ ያጠናል። ስለዚህ ቡድኑ ኤርቴብል በተባለው የመረጃ ሰንጠረዥ ላይ ፖላሪስ የሚል ስም የሰጠውን ቋት ገነባ። በቋቱ ውስጥ መሠረታዊው አሃድ ሪፖርቱ መሆኑ ቀርቶ አንድ ቅንጣት ሆነ። ቅንጣቱ ሦስት ነገሮችን ይይዛል፤ አንድ ምልከታ፣ ለምልከታው ማስረጃ የሚሆን ቅንጭብ ቪዲዮ ወይም ጥቅስ፣ እና በኋላ ለመፈለግ የሚረዱ መለያዎች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንግሊዛዊው ዳንኤል ፒድኮክ ሐሳቡን በአራት ደረጃ ሰደረው፦ ሙከራ፣ ከሙከራው የተገኘ ሐቅ፣ ከሐቆች የተነሣ ግንዛቤ፣ ከግንዛቤው የመጣ ምክረ ሐሳብ። አንድ ሐቅ ብዙ ግንዛቤዎችን ሊደግፍ፣ አንድ ግንዛቤም በተለያየ ጊዜ ከተሠሩ ጥናቶች በመጡ ሐቆች ላይ ሊቆም ይችላል። ማይክሮሶፍትም ለራሱ ተመሳሳይ ቋት ሠራ፤ ሲድኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመሠረተው ዳቭቴይል ይህንኑ ሥራ ለሌሎች የሚሸጥ ምርት አደረገው።

የዚህ አካሄድ ትልቁ ውለታ የተሰማውንና የተደመደመውን በተለያየ መስመር ማስቀመጡ ነው። ከምክረ ሐሳቡ ተነሥቶ ወደ ኋላ እየተከተሉ ሰውየው ይህን ያለበት ደቂቃ ድረስ መድረስ ይቻላል። ነገር ግን የሚያሳስበኝ ጎን አለው። ቅንጣት ከሰው ተቆርጦ የተወሰደ ነው። አንዲት ነጋዴ በአሥረኛው ደቂቃ «ቀላል ነው» ብላ በአርባኛው ደቂቃ «እውነቱን ለመናገር ልጄ ነው የሚያሠራልኝ» ብትል፣ ሁለቱ ንግግሮች ሁለት ቅንጣት ሆነው በሁለት መለያ ሥር ይቀመጣሉ። የመጀመሪያውን ያገኘ አንባቢ ሁለተኛውን ላያገኘው ይችላል። የጥናቱ ፍሬ ግን በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ነበር።

ከኮምፒውተር በፊት በዚህ ላይ አብዝቶ ያሰበ ሰው ጃፓናዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ ጂሮ ካዋኪታ ነው (እ.ኤ.አ. 1920–2009)። ኔፓል ውስጥ ባደረገው የመስክ ሥራ የሰበሰበው ማስታወሻ በማናቸውም ተዘጋጅቶ በቆየ ክፍል ውስጥ አልገባ ሲለው፣ እያንዳንዱን ሐሳብ በየካርዱ ጽፎ ካርዶቹን መሬት ላይ መዘርጋት ያዘ። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1967 በመጽሐፍ አወጣው፤ ዛሬ በየቢሮው ግድግዳ ላይ ተለጣፊ ወረቀት የሚደረድሩ ቡድኖች ብዙዎቹ ሳያውቁት የእሱን መንገድ ይከተላሉ። ሳይከተሉ የሚቀሩት ግን ጥብቅ የሆነውን ክፍል ነው። ካዋኪታ ሳጥኖቹን አስቀድሞ ማዘጋጀትን ይከለክላል። መጀመሪያ የሚቀራረቡ የመሰሉ ሁለት ሦስት ካርዶች ብቻ ይጠጋጋሉ፤ ትልቁ ስብስብ የሚመጣው ከትንንሾቹ በኋላ ነው። የስብስቡ ርእስም ካርዶቹ አንድ ላይ ሆነው የሚሉትን የሚናገር ሙሉ ዐረፍተ ነገር መሆን አለበት። የትም ያልገባ ካርድ በግድ አይጨመርም፤ ብቻውን ይቆያል። «ክፍያ» የሚል ርእስ ያለው ስብስብ ምንም አይናገርም። «ገንዘቡ ከእኔ ሂሳብ ወጥቶ እሱ ጋ እስኪደርስ ባለው ጊዜ የት እንዳለ አላውቅም» የሚል ርእስ ግን በራሱ ግማሽ ትንታኔ ነው።

ከካዋኪታ በተቃራኒ የቆመው መንገድ ከእሱ ይቀድማል። አሜሪካዊው ጆርጅ መርዶክ ዬል ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የሰውን ልጅ ባህል በሙሉ በቁጥር ኮዶች ከፋፍሎ ዝርዝር አወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1949 በተመሠረተው ማኅደር ውስጥም ስለ ዓለም ሕዝቦች የተጻፉ መጻሕፍት አንቀጽ በአንቀጽ በእነዚህ ኮዶች ምልክት ተደረገባቸው። ስለ አማራ ሕዝብ የተጻፉ ሥራዎችም እዚያው ይገኛሉ። ስለ ምግብ ወይም ስለ ቤተሰብ አኗኗር ከመቶዎች ባህሎች የተጻፈውን በአንድ ጊዜ ማውጣት ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም። ቋሚ ኮድ ለማግኘት ይረዳል፤ የካዋኪታ ካርድ ለመረዳት ይረዳል። ዛሬ ያሉት የጥናት ቋቶች አብዛኞቹ የሚበላሹት ሁለቱን በአንድ አምድ ውስጥ ስለሚቀላቅሉ ይመስለኛል። አንድ የመለያ ዝርዝር ከፍተው «አዳማ»፣ «አይፎን»፣ «ፍርሃት»፣ «የመመዝገቢያ ገጽ» እና «እምነት ማጣት» የሚሉትን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ። ቦታው፣ የስልኩ ዓይነት፣ ገጹ ማንም ሰው አይቶ ሊስማማበት የሚችል ሐቅ ነው፤ ለእነዚህ የተዘጋ ዝርዝር ይበጃል፤ ማንም ከራሱ አይጨምርበትም። «ፍርሃት» ግን ፍርድ ነው። ፍርድ በቋሚ መለያ ሲታሰር የመጀመሪያው አጥኚ አስተያየት ለቀጣዮቹ ሁሉ ሐቅ ሆኖ ይወርሳቸዋል። ስለዚህ የትርጉሙን አምድ ክፍት አድርጎ በዐረፍተ ነገር መጻፍ፣ የጻፈውን ሰው ስምና ቀኑን ከጎኑ ማኖር ይሻላል።

እስካሁን የተነሡት የጥናት ቋቶች እንግሊዝኛን መሠረት አድርገው የተሠሩ ናቸው። መረጃው በአማርኛ ሲሆን የማደራጀቱ ሥራ ይበልጥ ይከብዳል፤ በዚህ ላይ የሚጻፍ ነገር ደግሞ ጥቂት ስለሆነ እዚህ ላይ ልቆይ።

መጀመሪያ ፍለጋው። ቋት የሚገነባው ተፈልጎ እንዲገኝበት ነው። «ሂሳብ» የሚለው አንድ ቃል በሦስቱ «ሂ»፣ «ሒ»፣ «ኂ» እና በሁለቱ «ሳ» እና «ሣ» ሊጻፍ ስለሚችል ስድስት መልክ አለው። ኮምፒውተሩ ስድስት የተለያዩ ቃላት ያያል። አንዱ አጥኚ «ሒሳብ» ብሎ ገልብጦ ሌላው «ሂሳብ» ብሎ ከፈለገ፣ የመጀመሪያው ሥራ የለም ማለት ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሞክሼ ፊደላቱን ወደ አንድ ወጥ መልክ የሚቀይር ተጨማሪ አምድ በቀመር ማዘጋጀትና ፍለጋውን እዚያ ላይ ማድረግ። የመጀመሪያው ጽሑፍ ግን እንደ ተጻፈ ይቆያል።

ሁለተኛው ይከብዳል። አማርኛ ቃሉን ከውስጥ ነው የሚለውጠው። «ክፍያ» ብሎ የፈለገ ሰው «ከፈልኩ»፣ «ይከፍላል»፣ «አስከፈሉኝ»፣ «አልተከፈለኝም» የሚሉትን አንዳቸውንም አያገኝም፤ ሥርወ ቃላቸው አንድ ቢሆንም ፊደላቸው ስለሚለያይ «ክፍያ» የሚለው ቅርጽ በውስጣቸው የለም። ከዚያ ላይ የከተማው ሰው «ትራንዛክሽኑ ፌይል አደረገብኝ»፣ «አፑ ሃንግ አድርጎ ብሬን በላው» ይላል። «ብሬን በላው» የሚለው ስለ ክፍያ መክሸፍ ከተነገሩት ሁሉ የከረረው ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም «ክፍያ» የሚል ቃል በአጠገቡ የለም። እንግዲህ በአማርኛ የቃል ፍለጋ ብቻ አያዋጣም፤ ምልክት ማድረጉ በሰው እጅ፣ ንግግሩን በሰማ ሰው መሠራት አለበት። በእንግሊዝኛ ከፊሉን ለፍለጋ ትተው የሚያልፉት ሥራ እዚህ የግድ ይሆናል። (የቆየ መረጃ ያላቸው ድርጅቶች ሌላም ችግር አለባቸው። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት፣ በብዙ ቢሮዎችም ከዚያ በኋላ ለዓመታት፣ በየራሳቸው ፎንት የተጻፉ ፋይሎች ዛሬ ሲከፈቱ የማይነበብ ምልክት ይሆናሉ። ሳይጠፉ መለወጥ ያለባቸው መዛግብት ናቸው።)

ሰዓትና ቀን ደግሞ አሉ። ተጠያቂው «ሁለት ሰዓት ላይ ላክሁ» ሲል የስልኩ መዝገብ 8፡00 ይላል። ጠዋት ይሁን ማታ ካልተጠየቀ 12 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል። ሪያድ ያለች ገንዘብ የምትልክ ሠራተኛ ስትጠየቅ ነገሩ ይብሳል፤ የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት እኩል ነው፤ «ሁለት ሰዓት» ስትል በአገሯ ቆጠራ ይሁን በቀጣሪዋ አቆጣጠር ከቃሏ ብቻ ማወቅ አይቻልም። ወሩም እንዲሁ ነው። ሐምሌ ከጁላይ 8 እስከ ኦገስት 6 ስለሚደርስ፣ «የሐምሌ ቅሬታዎች» የሚለው ፋይልና የጁላይ የግብይት መዝገብ ሲነጻጸሩ አንድ ሳምንት ያህል ይሳሳታሉ። የተባለውን እንደተባለ መጻፍና በአጠገቡ በአንድ ወጥ የቀን አቆጣጠር የተስተካከለውን ማስገባት ሁለት ተጨማሪ አምዶች ብቻ ይጠይቃል።

ከሁሉ የከበደው ግን ትሕትና ነው። «እንዴት አገኙት?» ለሚል ጥያቄ «ጥሩ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መመለስ መልስ ከመስጠት በፊት የሚቀርብ ሰላምታ ነው። እንግዳ ሆኖ የመጣን ወጣት አጥኚ ሥራህ አይረባም ማለት ያሳፍራል፤ በተለይ ትልልቅ ሰዎች አይሉትም። ሪፖርቱ ለውጭ ዋና መሥሪያ ቤት በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ሲሆን አጥኚው ብዙ ጊዜ እየሰማ በቀጥታ በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ «ጥሩ ነው» የሚለው እርካታ ሆኖ ይመዘገባል። ቃለ መጠይቁ በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ተደርጎ በአማርኛ ተጽፎ ወደ እንግሊዝኛ ሲሄድ ደግሞ ንግግሩ ሁለት ጊዜ ይጣራል። ስለዚህ አራት ነገሮች አራት ቦታ ይፈልጋሉ፦ ሰውየው በራሱ ቋንቋ ያለው፣ ትርጉሙ፣ አጥኚው በዓይኑ ያየው፣ እና አጥኚው የገመተው። ቃሉ «ጥሩ ነው» ሲል ዓይን ያየው «የማረጋገጫ ቁጥሩን ሦስቴ ተሳሳተ፣ ስልኩን ለልጁ ሰጠ» ከሆነ፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ትንታኔው ከዚያው ይጀምራል።

ስለ ቁጥር አንድ ነገር ማለት አለብኝ። ቋት ሲኖር መለያዎችን መቁጠር ቀላል ስለሆነ ሁሉም ይቆጥራል። ጄኮብ ኒልሰንና ቶማስ ላንዳወር እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጡት ስሌት አንድ ተጠቃሚ በአማካይ 31 በመቶ የሚሆነውን የአጠቃቀም ችግር ያጋልጣል፤ አምስት ተጠቃሚዎች ወደ 85 በመቶ ያደርሳሉ። ይህ ስሌት የሚናገረው ችግሮችን ስለ ማግኘት ነው። ችግሩ በሕዝቡ ውስጥ ምን ያህል እንደተስፋፋ አይናገርም። ከሦስት ጥናቶች የመጡ 40 ቅንጣቶች «ምዝገባ» የሚል መለያ ስለያዙ ምዝገባ ትልቁ ችግር ነው ማለት አይቻልም፤ ምናልባት ሦስቱም ጥናቶች የጠየቁት ስለ ምዝገባ ነው። አንድ ማየት የተሳነው ደንበኛ አንድ ጊዜ የተናገረው ከ40ው በላይ ሊመዝን ይችላል፤ በቆጠራ ግን ከዝርዝሩ ግርጌ ይቀራል።

አሁን ብዙ ቡድኖች ይህን ሁሉ ዘለው ማለፍ የሚችሉ ይመስላቸዋል። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ከወጣ ወዲህ የጥናት ቋት ሻጮችም ምርታቸው ውስጥ የማጠቃለያ ቁልፍ ጨምረዋል፤ 12ቱን ቃለ መጠይቅ አስገብቶ «ዋና ዋና ግኝቶቹን አውጣልኝ» ማለት ደቂቃ አይፈጅም። መሣሪያው አይጠቅምም አልልም። ያልተለመደ አገላለጽን ከተለመደው ጋር ማገናኘት፣ «ብሬን በላው»ን ከክፍያ መክሸፍ ጋር ማስቀመጥ የቃል ፍለጋ የማይችለው ነው፤ ለአማርኛ ይህ ትልቅ ተስፋ ነው። ነገር ግን ማሽኑ የሚመልሰው የተሰማውና የተደመደመው ተቀላቅለው የወጡበት ለስላሳ አንቀጽ ነው፤ ከላይ ያማረርነው ማስታወሻ በተሻለ ሰዋስው ተጽፎ ማለት ነው። ማንም ያላለውን ንግግር በጥቅስ ምልክት አድርጎ ሊያቀርብም ይችላል። የአማርኛ ንግግርን ወደ ጽሑፍ መቀየሩም ከእንግሊዝኛው ገና ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ ጉግል በድምፅ መጻፍን ለአማርኛ የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2017 ቢሆንም፣ ሁለት ሰው እየተደራረበ በሚነጋገርበት፣ የታክሲ ድምፅ በሚሰማበት ካፌ ውስጥ የተቀዳ ቃለ መጠይቅ ዛሬም በጆሮ መታረም አለበት። በማሽን መጠቀም ከተፈለገ እያንዳንዱ ንግግር ቁጥር ይኑረው፤ ማሽኑም ለሚያቀርበው እያንዳንዱ ግኝት የመስመር ቁጥር እንዲጠቅስ ይጠየቅ፤ ሰው ደግሞ ቁጥሮቹን ከፍቶ ያንብብ። ይህ የሚቻለው መረጃው ቀድሞ በመስመር በመስመር ከተደራጀ ብቻ ነው። ማጠቃለያ ቁልፉ የማደራጀቱን ሥራ ይበልጥ አስፈላጊ አደረገው።

ሕጉም ወደዚያው ይገፋል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 የሰዎች የግል መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል፣ ከሚያስፈልገው ጊዜ በላይ እንዳይቀመጥ፣ ባለቤቱም እንዲሰረዝለት መጠየቅ እንዲችል ደንግጓል። በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን የሚያነጋግር ቡድን ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ሕግ ይመለከተዋል። አንዲት ተሳታፊ ከስድስት ወር በኋላ ደውላ «ድምፄን አጥፉልኝ» ብትል፣ ቡድኑ የት የት እንዳለ ያውቃል? ድምፁ በአንድ ስልክ፣ ግልባጩ በጉግል ድራይቭ፣ ጥቅሱ በስላይድ፣ ፎቶው በቴሌግራም ከተበተነ መልሱ አያውቅም ነው። ስሟ በየፋይሉ ርእስ ላይ ከተጻፈ ደግሞ ነገሩ ይከፋል። እያንዳንዱ ተሳታፊ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኮድ ይሰጠው፤ ኮዱና ስሙ የሚገናኙበት ዝርዝር ለብቻው ተቆልፎ ይቀመጥ፤ ከተሳታፊው የመጣ መስመር ሁሉ ኮዱን ይያዝ። ያን ጊዜ ማጥፋት የአንድ ፍለጋ ሥራ ይሆናል። ይኸው ኮድ ለትንታኔውም ይጠቅማል፤ «ቀላል ነው» ያለችውና «ልጄ ነው የሚያሠራልኝ» ያለችው አንድ ሴት መሆኗን የሚያሳየው እሱ ነው።

ለዚህ ሁሉ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። ከአሥር የማይበልጡ አባላት ያሉት ቡድን በኤክሴል ወይም በጉግል ሺት ይበቃዋል፤ አምዶቹ የመስመር ቁጥር፣ የተሳታፊ ኮድ፣ የድምፁ ደቂቃ፣ የተነገረው፣ ትርጉሙ፣ የታየው፣ ቦታና መሣሪያ፣ የአጥኚው ግምት ከጻፈው ሰው ስም ጋር ናቸው። የሚያስፈልገው ጊዜ ነው፤ የሚጎድለውም እሱ ነው። የአንድ ሰዓት ድምፅ በእጅ መገልበጥ በተለምዶ አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ መከፋፈሉና ምልክት ማድረጉ ሲጨመር ቃለ መጠይቁ ራሱ ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ክፍል ይሆናል። የጥናት ዕቅዶች ግን «ቃለ መጠይቅ፦ አንድ ሳምንት፤ ሪፖርት፦ ሦስት ቀን» ብለው ይጻፋሉ። በመካከል ያለው ሥራ ሲጠብ ለተለማማጅ ይሰጣል፤ ተለማማጁ ደግሞ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም፤ ስልኩ ለልጁ ሲሰጥ አላየም። የታየው የሚጻፍበት አምድ ባዶ ሆኖ የሚቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። ያነጋገረው ሰው ራሱ፣ በዚያው ቀን፣ ከሚቀጥለው ተሳታፊ በፊት መስመሮቹን እንዲሞላ በቀን ውስጥ ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ ቃለ መጠይቅ አለመያዝ ያስፈልጋል። 12 ሰው በሁለት ቀን ለማነጋገር የሚያቅድ ቡድን ይህን ማድረግ አይችልም፤ ስምንት ሰው በአራት ቀን የሚያነጋግረው ይችላል፤ እኔ ብጠየቅ የሁለተኛውን ጥናት ውጤት ይዤ ውሳኔ መስጠትን እመርጣለሁ።